የረቡዕ ስኳር

«ስኳር ያለበት ቤት ነው እኮ! ልጃችንን ዓይናችን እያየ እዚያ እንዴት እንማግደዋለን?»

ማናልሞሽ ይህን የሰማችው ዓርብ ጠዋት ሚዛን ከተማ ገበያ ውስጥ፣ ከኮረሪማ ጆንያዎቿ ጀርባ ቁጭ ብላ ዳቦዋን ልትቆርስ ስትል ነው። ድምፁ የመጣው ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ፣ ጨውና ጥምዝ የሚባለው ቅመም ከሚሸጥበት መደብ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ብቅ ብላ ማየት አላስፈለጋትም። በየነች ናት፤ የይርዳው አክስት። ይርዳው ደግሞ የማናልሞሽን አንድያ ልጅ ፋናን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጥተው «እንመካከርና እንነግራችኋለን» ተብለው ሄደዋል፤ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ቁርጡን ለመስማት ይመለሳሉ። ሚዛን ውስጥ ስኳር ያለበት ቤት ሞልቷል፤ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌ የሚጠብቅ ቤት ግን የእሷ ነው። ማናልሞሽ ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጠፈች። በየነች ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ጥምዝ መወደድ ማውራት ጀምራለች። ወሬ የለመደ ሰው መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንደሚያደርግ ያውቅበታል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ማናልሞሽም ከገበያው ሁሉ መጨረሻ የሰማችው እሷ እንደሆነች አልተጠራጠረችም። ቀና ብላ ስታይ ከፊት ለፊቷ ዝንጅብል የምትሸጠው ሴት ፈገግ ብላለች። ምን ያስቃታል? በርበሬ ሻጩ ደግሞ ዓይኑን መለስ አደረገ። ለምን መለሰ? አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ከነከናት፤ ያ የሰማችው ንግግር ለጆሮዋ እንግዳ አልነበረም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ጊዜ ሰምታዋለች፤ የት እንደሆነ ግን አልመጣላትም። ዳቦው አልወረደላትም። ሌላ ቀን ቢሆን ሻይዋ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ማር ጨምራ፣ ዳቦዋን እያጠቀሰች፣ በላዩም ትንሽ በሶ አክላበት ነበር የምትጀምረው። ጨጓራዋ ስለሚያማት የንስሐ አባቷ በጾም ቀንም ጠዋት እንድትቀምስ ፈቅደውላታል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እስካልነካች ድረስ ጾሟ ጾም ነው። ዛሬ ግን ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ ሻይውን ደጅ ደፋችው።

ነገሩን ያመጡት እነዚያ አጥኚዎች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሰፈሩን ቤት ለቤት እየዞሩ፣ «በቡና አገር ስኳር፣ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ለምን እንደበዛ እናጠናለን» ብለው ገቡ። ክንዷን በጨርቅ አስረው እስኪደነዝዝ አጠበቁት፤ ሚዛን ላይ አወጧት፤ ከዚያም እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አውጥተው ወገቧን ዞሩት። «ቀሚስ ልትሰፉልኝ ነው?» ብላ ስትስቅ አብረዋት ሳቁ። ቁመቷን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሲለኩ ግን አልሳቀችም። የሰው ቁመት የሚለካው ለጉድጓድ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ልጅ አልዳረችም። ረቡዕ ጠዋት ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ደሟን ቀዱ። ትናንት ሐሙስ ስልኳ ጮኸ። «እማማ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሎ ታይቷል። ነገ ዓርብ ጾመው ይምጡና ይደገማል» አላት ደም ቀጂው፤ ሕዝቅያስ ነው ስሙ። ይህን የሰማችው ከቤቷ ፊት ለፊት ካለው ከቱርከያ ሱቅ ሳሙና እየገዛች ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ለፋናም ቢሆን። ሽማግሌ ደጅ በቆመበት ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር ከቤት አይወጣም።

ታዲያ ማን አወጣው? ሕዝቅያስ ያውቃል። ሕዝቅያስ የተከራየው ደግሞ ከበየነች ግቢ ነው፤ በአንድ ቧንቧ ነው ውሃ የሚቀዱት። ቱርከያ ስልኩን ሰምታ ይሆናል። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ ከበየነች ጋር አያወራም።

መደቧን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ወጣች። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ስለሆነ ቁልቁለቱ ቀይ ጭቃ ሆኖ ባጃጆቹ ወደ ጎን እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። መናኸሪያው ደጃፍ ላይ ረዳቶች «ቴፒ! ቴፒ! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሁልጊዜ የሚጎድላቸው አንድ ሰው ነው። በመንገዱ ያገኛት ሁሉ ሰላም አላት። «ጤና ይስጥልኝ፣ ማናልሞሽ!» «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ? ጤናሽ ደህና ነው?» ይኼው ሰላምታ ሌላ ቀን እንደ ዝናብ ካፊያ ሳይሰማት ያልፍ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ «ጤና» ተለይቶ ተሰማት። የሙዝ ነጋዴዋ «ደህና ነሽ?» ብላ ሁለቴ ጠየቀቻት። ሁለቴ! አንዴ ደህና ነኝ ያለን ሰው ሁለተኛ የሚጠይቀው የሚያውቅ ሰው ነው።

የቱርከያ ሱቅ ጠባብ ናት። በአንድ በኩል የስኳርና የሩዝ ጆንያ፣ በሌላ በኩል ሳሙናና ሻማ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ብቸኛ ፍሪጅ። ቱርከያ ከጅማ ተድራ የመጣች ናት፤ ከማናልሞሽ ጋር በወጣትነታቸው ነው ጎረቤት የሆኑት። ረመዳን ሲገባ ማናልሞሽ ሾርባ ታደርስላታለች፤ ለፋሲካ ቱርከያ ዘይት ትልካለች። ሰሞኑን ግን ማናልሞሽን አንድ ነገር ቅር ብሏታል። ፋና ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣና ማታ ስትመለስ፣ ቁርሷንም ሆነ እራቷን ሳትቀምስ ወደ ቱርከያ ቤት ትገባለች። «ሰላም ልበላት» ትላለች። ሰላምታው ደግሞ በሩ ተዘግቶ ነው። ሁለቱ ምን የሚሉት ነገር አላቸው? እናቷ ስኳር እንዳለባት እያሙ እንደሆነስ?

ማናልሞሽ ገባችና ውሃ ለማውጣት እጇን ወደ ፍሪጁ ሰደደች። ቱርከያ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሣች።

«ተይ፣ ተይ፣ እኔ አወጣልሻለሁ።»

ደንበኛ ሁሉ ከዚያ ፍሪጅ ለስላሳውን ራሱ እያወጣ ነው የሚጠጣው። ማናልሞሽ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከታችኛው መደርደሪያ ላይ የተቋጠረ ሰማያዊ ፌስታል አየች። በሩ ተዘጋ። ውሃውን ተቀበለች እንጂ አልጠጣችውም።

«ትናንት ስልኬ ሲጮህ ሰምተሽ ነበር?»

«እኔ ምን ጆሮ አለኝ፣ ማናሌ! ይኼ የጎረቤቱ ወፍጮ ጩኸት...» ቱርከያ የሚዛኑን ድንጋዮች ማስተካከል ጀመረች፤ ቀድሞም የተስተካከሉ ነበሩ። «አንቺስ ከዚያ ምርመራ ወዲህ እንዴት ነሽ? እኔማ ወላሂ ረቡዕ ልሞት ነበር። ከማታ ጀምሬ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ሄጄ፣ መርፌውን ሲያሳዩኝ ዓይኔ ጨለመ።»

ማናልሞሽ በልቧ ሳቀችባት። ረቡዕን ረመዳን አስመሰለችው። ጆሮ የለኝም ያለች ሴት ግን የምርመራውን ነገር ራሷ አነሣች፤ «እንዴት ነሽ» ስትል ደግሞ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። የሠላሳ ዓመት ጎረቤት መጠራጠር እንደ መረረ ቡና አፍ ውስጥ ይቆያል። ሳትሰናበታት ወጣች።

ሕዝቅያስን ያገኘችው ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ብልቃጥ ሲደረድር ነው። ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ስለነበር ሽታው አልለቀቀውም። ሕዝቅያስ ሠላሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ ሰው ነው። ማናልሞሽ እንዲህ የሚያሻሽ ሰው አትወድም፤ አንድ ነገር የሚደብቅ ይመስላታል።

«ደሜን ቅዳ አልኩህ፤ ቀዳህ» አለችው ቆማ። «ወሬዬን ደግሞ ማን ቅዳ አለህ?»

ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ፈጀ። ሲገባው ተቆጣ፤ ከተቆጣም በኋላ ማለ። እነሱ ዘንድ የሰው ስም የሚያውቅ የለም፤ ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ውጤቱ ለባለቤቱ ካልሆነ ለሚስትም ለባልም አይነገርም አላት። «ቁጥሩን ታዲያ ማን ማናልሞሽ አለው?» ብላ ጠየቀችው። በየነችን ያውቃት እንደሆነ ስትጠይቀው፣ አከራዩ እንደሆነች፣ ከዚያ ግቢ ሊወጣም ቤት እየፈለገ እንደሆነ፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ የቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር እየበረበረች እንደምታስቸግረው ነገራት። ይኼ እውነት ይመስል ነበር። ማናልሞሽ ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ «እሺ ድገመውና እንየው» አለች።

«ዛሬ ጾመዋል?»

«ዓርብ እኮ ነው! ምን ማለትህ ነው?»

«አይ፣ ማለቴ... ከማታ ጀምሮ የቀመሱት ነገር የለም?»

«ዛሬማ ምን ይወርድልኛል። ውሃም አልቀመስኩ።»

ሕዝቅያስ ጣቷን በጥጥ እያሸ ቆም አለ። አንድ ነገር በልቡ እንደገባ ታየበት።

«ረቡዕ ለትስ፣ እማማ?»

«ረቡዕማ ጾም ነበርኩ። ጠይቀኸኝ፣ ጾሜያለሁ አልኩህ አይደለም? እንደ ወትሮዬ ሻይ በማር፣ ዳቦና ትንሽ በሶ በልቼ በቀጥታ ወደ አንተ ነው የመጣሁት። የፍስክ ነገር በአፌ አልዞረም።»

ሰውዬው ጣቷን ለቆ ግንባሩን ያዘ። ማናልሞሽ ሊስቅባት ነው ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ እየተንተባተበ አስረዳት፤ ለዚህ ምርመራ ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ሳይሆን ምንም ነገር በአፍ አለማድረግ ነው፤ ማርና በሶ የበላ ጤነኛ ሰው ስኳሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ማሽኑ ደግሞ ምንም ያልበላ ሰው መስሎት ነው በሽተኛ ያደረጋት። እሷን ካስረዳ በኋላ ለራሱ ማውራት ቀጠለ። በየሰፈሩ ደም የተወሰደው ረቡዕና ዓርብ ነው። ሁሉንም «ጾመዋል?» ብሎ ነው የጠየቀው። ሁሉም «እንዴታ!» ብለውታል። «ስንቱ ሽሮ በልቶ ይሆን?» አለ። ማናልሞሽ አዘነችለት፤ ግን ያዘነችው እስኪመረምራት ድረስ ብቻ ነው። ጣቷ ተወጋ፤ ጠብታዋ ተመጠጠች፤ ማሽኑ ጮኸ። ዘጠና ሁለት። «ጤነኛ ነዎት። ስኳር የለብዎትም» አላት።

ከወንበሩ ስትነሣ እንደ ልጅ ቀለላት። ሕዝቅያስ ወደ በሩ እየሸኛት፣ ቤት ውስጥ ስኳር ያለበት፣ መርፌ የሚወጋ ሌላ ሰው ካለ ለጥናቱ ይጠቅማል ብሎ ጠየቃት። «ማንም የለም» አለችው አንገቷን ቀና አድርጋ። «ዘራችን ንጹህ ነው።» ይህችን አባባል ወደደቻት። ወደ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ደጋግማ አለቻት፤ በዘጠኝ ሰዓት ለሽማግሌዎቹ የምትላት ይህችኑ ነው። ዳቦዋንም በመንገድ ላይ ቆርሳ በላች።

ቤት ስትደርስ ፋና ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ቀደም ብላ መጥታ የእንግዳ ክፍሉን እያዘጋጀች ነበር። ከጎረቤት የተዋሱት ፕላስቲክ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ቆሎና ለስላሳ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የተጣለው ዳንቴል ታጥቦ ገና አልደረቀም። ፋና ቀጭን ናት። ቀድሞ እንዲህ አልነበረችም። አምና ቴፒ ስታስተምር ክረምቱ መግቢያ ላይ ታማ ነበር፤ ወባ ነው ብላ በስልክ ነገረቻት፤ ስትመለስ ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷት ነበር። የቴፒ ወባ ሰው እንደሚልጥ የታወቀ ስለሆነ እናትየዋ ብዙ አልመረመረችም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከረሜላ ከቦርሳዋ አይለያትም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ትይዛለች፤ ሻይዋን ግን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ማናልሞሽ ይኼን ሁሉ የመምህር ጠባይ ነው ብላ ነበር የምታልፈው።

«እልል በይ!» አለቻት በሩን ሳትዘጋ። ከስልኩ ጀምራ በየነችን፣ ሕዝቅያስን፣ የረቡዕን ጾም አንድ በአንድ አወራችላት፤ ማሩና በሶው ጋ ስትደርስ ራሷም እየሳቀች ነበር። «የለብኝም! አሁን ይምጡ፣ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። እኔ የለብኝም፣ ዘራችንም ንጹህ ነው እላቸዋለሁ።»

ፋና አልሳቀችም። የያዘችውን መወልወያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች። «ግን ለሽማግሌዎቹ አትንገሪያቸው። ዝም በያቸው።»

«ለምን ዝም እላለሁ?»

«ዝም በያ፣ እማዬ። አንድ ቀን እንኳ ዝም በይ።»

ማናልሞሽ ደሟ ፈላ። እናቷ ጤነኛ በመሆኗ ፊቷን የሚያጨልም ምን ዓይነት ልጅ ነው? በሽተኛ ሆና ብትገኝ ነበር የምትደሰተው? ከቱርከያ ጋር በር ዘግተው የሚመክሩት ይኼንን ይሆን? እናቲቱ ታማለች ተብሎ ሠርጉ በቶሎ እንዲሆን፣ ቤቱም በቶሎ ባዶ እንዲሆን? ይህን አስባ ወዲያው አፈረች፤ ግን አስባዋለች፤ ሐሳብ አንዴ ከገባ በኋላ በሩን አይዘጋም። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አንዷ ወንበር፣ ሌላዋ ብርጭቆ እያስተካከሉ፣ ሳይነጋገሩ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። ነገር የሚናገረው የይርዳው አጎት አቶ ከፈለኝ ነው፤ ሁለተኛው ራስ እየነቀነቀ የሚያጸድቅለት ነው። ከፈለኝ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ትንሽ ባልዲ ይዞ ገባና በሩ አጠገብ፣ ግማሹን ከውስጥ ግማሹን ከውጭ አድርጎ አስቀመጠው። ከማሻ የመጣ ነጭ ማር እንደሆነ ሽታው ተናገረ። ማናልሞሽ ማሩንም አየች፣ አቀማመጡንም አየች። የሚሰጥ ማር እንዲህ በር ላይ አይቀመጥም፤ ሊመለስ የሚችል ማር ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮ የቡና ዋጋ፣ ቱም ድረስ ስለተበላሸው መንገድ ተወራ። ከዚያ ከፈለኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ የመጣነው ቁርጡን ልንሰማ ነው። ግን ከቁርጡ በፊት አንድ ወሬ ደርሶናል። ሽማግሌ የሰማውን አይውጥም፤ ቢያስቀይም ይቅር በሉን። በዚህ ቤት ስኳር አለ ይባላል።»

«ማን ነው ያለው?» አለች ማናልሞሽ። መልሷ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ያየ ሰው አለ። እህታችን በየነች ትናንት ማታ እዚህ ፊት ለፊት ለስላሳ ልታወጣ ፍሪጁን ስትከፍት፣ ሰማያዊ ፌስታል ውስጥ የስኳር መርፌ አየች። ባለሱቋን ብትጠይቃት፣ ‹የማናልሞሽ ነው፤ በጥናቱ ተገኝቶባት ነው› አለቻት።» ትንፋሽ ወሰደ። «በእርስዎ ከሆነ ዕድሜ ያመጣው ነው፤ እኔም አለብኝ፤ ኪኒኔን ይኸው በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው። ለዚህ ማንም ምንም አይልም። ወሬኛ ግን አይጠፋምና፣ ‹የእናትየው አይደለም፣ የልጅቷ ነው› ያሉም አሉ። ገና ልትወልድ፣ ገና ቤት ልትሠራ... እንዲያ ከሆነ ዘመዱ አይስማማም። እኛም ማሩን ይዘን እንመለሳለን። እስቲ ከራስዎ አንደበት እንስማው።»

ማናልሞሽ አፏን ከፈተች። «እኔ...» አለችና ቆመች። መርፌ? ለእሷ ማንም መርፌ አልሰጣትም። ሕዝቅያስ ስለ መርፌ ያነሣው ሌላ ሰው ካለ ብሎ ሲጠይቃት ብቻ ነው። ወደ ፋና ዞረች። ፋና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ መሬቱን ታያለች። የቴፒ ወባ። የሰፋው ቀሚስ። ከረሜላው፤ ያለ ስኳር የሚጠጣው ሻይ። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት፣ በሩ ተዘግቶ የሚባለው ሰላምታ። ሁሉም ተራ በተራ መጥቶ ቦታ ቦታውን ያዘ። ቱርከያ ወሬ አላወጣችም፤ ቱርከያ ባለቤት ለሌለው መርፌ ባለቤት ሰጥታለች፤ ያንን ስልክ ስለሰማች። አሁን ማናልሞሽ «የለብኝም» ካለች መርፌው መልሶ ባለቤት ያጣል፤ ማንን እንደሚያገኝ ደግሞ የታወቀ ነው። ቀኑን ሙሉ ከላይዋ ለማራገፍ የሮጠችለትን ነገር እንደገና ማንሣት ነበረባት። ልቧ ውስጥ ፍርሃት ገባ፤ ስለ ራሷ ሳይሆን ስለዚያች መሬት ስለምታየው ልጅ።

«የእኔ ነው» አለች። «አለብኝ።»

ከፈለኝ ትከሻው ወረደ፤ ሁለተኛው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። «እግዚአብሔር ይማርዎት! ዕድሜ ነው፣ ዕድሜ ነው» አሉ እየተቀባበሉ። ከፈለኝ ተነሥቶ ባልዲውን ከበሩ አንሥቶ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠው። «እንግዲህ እኔና እርስዎ አይፈቀድልንም፤ ማሩን ፋና ትብላው» ብሎ ሳቀ። እናትና ልጅ አልተያዩም። ፋና «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች። የሠርጉ ቀን ለጥር እንዲሆን ተስማሙ።

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ማናልሞሽ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ማልቀስ ፈለገች፤ ንዴቱ ግን አላስለቀሳትም።

«ይርዳው ያውቃል?»

«ያውቃል። ቴፒ ራሴን ስቼ ስወድቅ ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው።»

«ቱርከያም ታውቃለች።»

«ፍሪጅ ስላላት ነው።»

«ከፍሪጅ በታች ሆንኩ እንግዲህ» አለች ማናልሞሽ። «እናትሽ እኮ ነኝ! ውሃውን አሞቅልሽ፣ እህሉን እመርጥልሽ ነበር። ለሱቅ ፍሪጅ የነገርሽውን ለእኔ መንገር ምን አቃተሽ?»

ፋና ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ ለማናልሞሽ ይኼ ከቁጣው የባሰ ነበር።

«ከቴፒ የተመለስኩ ዕለት ልነግርሽ ነበር። እዚሁ ተቀምጠሽ ከጎረቤት ጋር የእነ ጌታሁንን ልጅ ስታነሺ ደረስኩ። ‹ስኳር ያለባትን ልጅ ደብቀው ሊድሩ ነው እኮ! የሰው ልጅ ዓይናቸው እያየ እንዴት ይማግዳሉ?› አልሽ። መርፌው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ እማዬ። ሰላም ብዬሽ ወደ ጓዳ ገባሁ።»

ጠዋት ገበያ ውስጥ የት እንደሰማችው አልመጣላት ያለው ነገር አሁን መጣላት። ንግግሩ የራሷ ነበር። የጌታሁን ልጅ ጋብቻ ያን ሰሞን መፍረሱንም አስታወሰች፤ እሷ ያኔ ያን ያህል አላሰበችበትም ነበር፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንዲሉ ነው። ይቅርታ ልትል ስትል ፋና የግድግዳውን ሰዓት አየችና ነጠላዋን አንሥታ ወደ በሩ አመራች።

«ወዴት ነው?»

«ቱርከያ ጋ። እራት ከመብላቴ በፊት...»

«ተቀመጪ» አለች ማናልሞሽ። ነጠላውን ከእጇ ወሰደችና ራሷ ተከናነበች። «ታማሚዋ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ መርፌውን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ሰው አንቺን እዚያ ደጃፍ ላይ ማየት የለበትም።»

በየነች ቱርከያ ሱቅ በር ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ምን ዓይነት ፊት ይዘው እንደሚወጡ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ማናልሞሽ ጭቃውን ተሻግራ ሰላም አለቻት። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ቱርኬ፣ የማታዋን መርፌዬን ስጪኝ» አለች።

ቱርከያ ፊቷን አየቻት። ዓይኗ ውሃ ሞላ። ፍሪጁን ከፍታ ሰማያዊውን ፌስታል አወጣች። በየነች ከአግዳሚው ተነሥታ መጣች፤ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሽፈራው ቀቅላ ጠዋት ጠዋት እንድትጠጣ፣ አብሽም ከቤቷ እንዳይጠፋ መከረቻት። ምክሩ ከልብ ነበር፤ ዓይኗ ግን ከፌስታሉ አልተነሣም።

«ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

ፌስታሉ ስስ ነው፤ ካርቶኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ስም ከውጭ ይታያል። ማናልሞሽ በመዳፏ ሸፈነችው።

«ከረቡዕ ጀምሮ» አለችና ወደ ልጇ ተሻገረች።